ሌባ ጣቴ እና ቀይዋ ነጥብ

ብቻዬን ስሆን ጎበዝ ነኝ። የሚመሰክርልኝ ሰው ግን የለም፤ ብቻዬን ነኝ አልኳችሁ እኮ። ክላሲካል ጊታር ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። በሬን ዘግቼ ስጫወት ግድግዳው ሊያጨበጭብልኝ ምንም አይቀረው። ግን አንዲት ቀይ ነጥብ ትበቃኛለች። ስልኬ ድምፅ መቅዳት ሲጀምር ብልጭ የምትለዋ ነጥብ። እሷን ካየሁ በኋላ እጄ የእኔ አይደለም።

የምቀዳው "የአልሃምብራ ትዝታዎች"ን ነበር። ያቀናበረው ፍራንሲስኮ ታሬጋ የሚባል ስፔናዊ ነው። ሰውዬው በ1909 እ.ኤ.አ. አርፏል፤ ሥራው ግን እስከ ዛሬ ሰው ያሰቃያል። ስትሰሙት ሁለት ሰው የሚጫወት ይመስላችኋል። አንድ ነው። አውራ ጣት ከታች ባሱን ይዞ ይጓዛል። የቀለበት ጣት፣ የመሃል ጣትና ሌባ ጣት ደግሞ ተራ በተራ አንዲቷን ኖታ ይመታሉ፣ ይደግማሉ፣ ይደጋግማሉ። ትሬሞሎ ይሉታል። ሦስቱ እኩል ከመቱ ክሩ ትንፋሽ ሳይወስድ የሚዘፍን ይመስላል። እኩል ካልመቱ አንካሳ ፈረስ ሲጋልብ ነው የሚሰማው።

የእኔን ፈረስ የሚያነክሰው ሌባ ጣቴ ነው። ስሙን ያወጣለት ሰው ጊታር አይቶ ባያውቅም ነገሩ ገብቶታል። የቀለበቱ ይመታል፣ የመሃሉ ይመታል፣ ሌባው ተራው ሲደርስ ኖታዋን ይዞ ይሰወራል። ይህን የሚያደርገው ደግሞ ሰው ሲኖር ወይም ስንቀዳ ብቻ ነው። ለብቻችን ስንሆን እንደሱ ያለ ጨዋ የለም።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን አንብቤያለሁ። ሰው ሲፈራ ሰውነቱ አድሬናሊን ይረጫል። ደም ከጣት ጫፍ ይሸሽና ወደ ትልልቆቹ ጡንቻዎች ይሄዳል። ጣት ይቀዘቅዛል፣ እግር ይበረታል። ለሚሮጥ ሰው ጥሩ ነው። ጊታር ግን በእግር አይመታም።

ካናዳዊው ፒያኒስት ግሌን ጉልድ በ1964 እ.ኤ.አ. መድረክ በቃኝ ብሎ ስቱዲዮ ገብቶ ቀረ። እቀናበታለሁ። እኔ ሁለቱንም ስለምፈራ የምሸሽበት የለኝም።

አስተማሪዬ "ለተማሪዎች ኮንሰርት ከመመዝገቤ በፊት ቀድተህ ላክልኝ" አሉኝ። እሺ አልኩ። ቀኑ ሲደርስ መጀመሪያ ጥፍሬን ልሞርድ ብዬ ተቀመጥኩ። ሞረድኩ። ክሩን ነካ ነካ አድርጌ እንደገና ሞረድኩ። ጥፍር የምሞርደው ፈርቼ እንደሆነ የገባኝ ጥፍሩ ሊያልቅ ሲል ነው። (ታሬጋም በስተመጨረሻው ጥፍሩን ትቶ በጣቱ ሥጋ ነበር የሚጫወተው። እንደኔ ሞርዶ ሞርዶ ጨርሶት እንዳይሆን እጠረጥራለሁ።)

ከዚያ ብልሃት መጣልኝ። ቀይዋን ነጥብና ሰከንድ የሚቆጥረውን ቁጥር ካላየሁ አልፈራም። ወረቀት ቀደድኩና በፕላስተር የስልኬን ስክሪን ሸፈንኩት። ከታች ያለችው ቁልፍ ብቻ ቀረች። አንዴ ሲነኳት ትቀዳለች፣ ደግመው ሲነኳት ታቆማለች፣ ሲመልሱ ትቀጥላለች። ሁሉም አንድ ፋይል ውስጥ ይጠራቀማል። በራሴ ኮራሁ።

ነካኋት። ልቤ ጉሮሮዬ ላይ ወጣ። የሚያባርረኝ ያለ ይመስል በእጥፍ ፍጥነት ጀመርኩት። ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ሌባው ሰረቀ። ተናድጄ ቁልፏን ነካሁና አቆምኩ።

አላቆመችም። ጣቴ በላብ ርሶ ነበርና ስልኩ መነካቱንም አላወቀም። እኔ ደግሞ በገዛ ወረቀቴ ዓይኔን ጋርጄ ምን ልይ? ከዚያ በኋላ ልቅዳ ብዬ ስነካት ታቆማለች። ላቁም ብዬ ስነካት መቅዳት ትጀምራለች።

19 ጊዜ ሞከርኩ። በ19ኛው ግን ምን ልበላችሁ። ሙዚቃው መሃል ላይ ከማይነር ወደ ሜጀር የሚሻገርበት ቦታ አለ፣ ያዘነ ፊት ፈገግ እንደማለት ነው። እዚያ ስደርስ እኔም ፈገግ አልኩ። ሌባው አንድም አልሰረቀ። የመጨረሻው ኮርድ እስኪጠፋ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ። ከዚያ ላቁም ብዬ ቁልፏን ነካሁና ብድግ ብዬ ጨፈርኩ። ራሴን መስማት ስለማልችል ፋይሉን ሳልከፍት "የመጨረሻዋን ይስሙልኝ" ብዬ ላክሁት።

መልሳቸው በማግስቱ መጣ። "22 ደቂቃውን ሙሉ ሰማሁት። ጊታሩ የታለ?"

ከፈትኩት። መጀመሪያ የሸሸ ፈረስ የሚመስለው ሙከራዬ አለ። ከዚያ ወንበር ሲንቋቋ። እጄን በትንፋሼ ሳሞቅ። ሞረድ፣ ክርር ክርር። "አይዞህ የኔ ጀግና" የሚል ድምፅ፣ የእኔው ነው። ከዚያ "አንተ ሌባ! ምን አጎደልኩብህ? ለብቻችን ስንሆን እኮ ጨዋ ነህ!" ሌላ ሰው ቢሰማው ፖሊስ ይጠራ ነበር። መጨረሻ ላይ ጭፈራዬ አለ፣ ከነእልልታው። ያቺ 19ኛዋ ግን የለችም። የሰማት ግድግዳው ብቻ ነው።

አስተማሪዬ ቀጥለው እንዲህ ጽፈው ነበር፤ "14ኛው ደቂቃ ላይ ጣትህን እየሰደብክ ትጫወታለህ። ትሬሞሎህ እንደዚያ እኩል ሆኖ ሰምቼው አላውቅም። መዝግቤሃለሁ። መድረክ ላይም ስደበው። በሆድህ ግን።"

ሰማሁት። እውነታቸውን ነው። አፌ ሲራገም እጄ ሥራውን ይሠራል። መፍራት የሚችለውን ክፍሌን ስድብ ላይ ስጠምደው ጣቶቼን የሚረብሽ ይጠፋል መሰለኝ።

የኮንሰርቱ ቀን ደረሰ። ግራ እግሬን ማሳረፊያው ላይ አደረግኩ። እጄ በረዶ ነው። ጀመርኩ። በሆዴ መሳደብም ጀመርኩ። "አይቼሃለሁ፣ አንተ ሌባ።" ሠራ! ትሬሞሎው ፈሰሰ። በሆዴ የሚለውን መቼ እንደረሳሁት አላውቅም። የናይለን ክር ድምፁ ለስላሳ ነው፣ አዳራሹ ደግሞ ፀጥ ብሏል። ቀና ስል የፊተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጡ አንድ አባት ቦርሳቸውን ከመሬት አንስተው ጭናቸው ላይ ሲያስቀምጡ አየሁ። አጠገባቸው ያለችው ሴት የሷን ብብቷ ስር ከተተች። ቀጥሎ ያለው ልጅ ኪሱን ዳበሰ። እኔ ሜጀሩ ላይ ደርሼ ነበርና አላቆምኩም።

ጭብጨባው እንዳለቀ እኚያ አባት ወደ መድረኩ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ልጄ፣ ሌባው ተያዘ?"

"የለም አባቴ" አልኳቸው። "መጨረሻው ላይ አንዲት ይዞ ጠፋ።"