የእህቴ ግንባር

ዛሬ ጠዋት ታላቅ እህቴ ከእንቅልፏ ስትነሳ የፊቷ ቀኝ ጎን አልታዘዝ ስላላት፣ ስትሮክ መስሎን በድንጋጤ ወደ ሕክምና ወሰድናት። ሐኪሙ ግን አስቀድሞ ‹‹እስቲ ቅንድብዎን ወደ ላይ ያንሱ›› አላት፤ የግንባሯ ግራ ጎን ሲሸበሸብ ቀኙ እንደ ተተኮሰ ጨርቅ ልሙጥ ሆኖ ቀረ። ስትሮክ ቢሆን ግንባሯ ባብዛኛው ይታዘዛት እንደነበር ነግሮን ጆሮዋን መመርመር ጀመረ። ‹‹የታመመው ፊቴ አይደል እንዴ?›› ስትለው፣ ፊትን የሚያንቀሳቅሰው 7ኛው የራስ ቅል ነርቭ በጆሮ አጠገብ በጠባብ የአጥንት ቦይ ውስጥ እንደሚያልፍና ሲያብጥ እዚያው እንደሚጨመቅ አስረዳት። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው የሕመሙ ስም፣ ‹‹ቤልስ ፓልሲ›› (የፊት ነርቭ ሽባነት)፣ ብቻውን ቢነበብ ያስፈራ ነበር፤ እንዲህ ተፈትቶ ሲነገራት ግን የእህቴ ትንፋሽ ሲረጋጋ አየሁ። ሕክምናው በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመሩ እጅግ ይጠቅማል፤ አብዛኛው ሰውም በሳምንታት ወይም በወራት ይድናል። አሁን የማይከደነው ዐይኗ እንዳይደርቅ ጠብታ እያደረግሁላት ነው።