የእናቴን እንቅርት ማን ያንብበው?

የእናቴ እንቅርት ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል። ባደገችበት የጎጃም ደጋ እንቅርት ያለባት ሴት ብርቅ አይደለችም፤ በምግብ ውስጥ አዮዲን ሲያንስ የታይሮይድ እጢ ሆርሞኑን ለማምረት ሲታገል እያበጠ ይሄዳል። ስለዚህ ማንም ልብ ብሎት አያውቅም። አዲስ አበባ እኔ ዘንድ ስትመጣ ግን ግራ ጎኑ ከቀኙ ጎልቶ አየሁትና ሐኪም ቤት ወሰድኳት፤ አልትራሳውንድ ታዘዘላት።

የመጀመሪያው ውጤት አንድ መስመር ነበር፦ «ብዙ እባጮች ያሉት እንቅርት»። መጠን የለም፤ የትኛው እባጭ የት እንዳለ አይናገርም፤ ከሥሩም የማይነበብ ፊርማ ብቻ ነው ያለው። ቀዶ ሐኪሙ ወረቀቱን አገላብጠው «ይህንንማ እኔም በዓይኔ አየዋለሁ» አሉ።

ያኔ ያነሣሁት ጥያቄ ከሁሉም በላይ ጠቀመኝ። «ዶክተር፣ እርስዎ የማንን ውጤት አምነው ነው ቀዶ ጥገና ክፍል የሚገቡት?» ፈገግ አሉና የሁለት ራዲዮሎጂስቶችን ስም ጻፉልኝ። ምስሉ የተናገረውንና አንገት ሲከፈት የተገኘውን ደጋግሞ ያስተያየ ሐኪም የማን ንባብ እንደሚያስተማምን ያውቃል። የከተማችን ማስታወቂያ ግን ወሬው ሁሉ ስለ ማሽን ነው፤ ዘመናዊ፣ ፈጣን፣ ከውጭ የመጣ። ማሽኑን ይዞ ምስሉን ስለሚያነበው ሰው ትንፍሽ አይልም።

ራጅ፣ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ስንነሣ በአብዛኛው የምናገኘው የራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂስቱን ነው፤ አስተኝቶ፣ አስተካክሎ ምስሉን የሚያነሣው እሱ ነው። ራዲዮሎጂስቱ የሕክምና ትምህርት ጨርሶ በዚሁ ሙያ የሠለጠነ ሐኪም ነው፤ ምስሉን አንብቦ ውጤቱን ይጽፋል፣ ታካሚውን ግን ላያየው ይችላል። አልትራሳውንድ ለየት ይላል። ምርመራው በእጅ ስለሚሠራ፣ መሣሪያውን የያዘው ሰው ያላየው ነገር በኋላ ከተቀመጠው ፎቶ ላይ አይገኝም። ስለዚህ ቀጠሮ ከመያዜ በፊት ደውዬ፣ ስማቸው ከተጻፈልኝ ሁለቱ ራዲዮሎጂስቶች አንዷ ራሷ በምትሠራበት ቀን እንዲመዘግቡን ለመንኩ።

ሐኪሟ መሣሪያውን ከማንሣቷ በፊት የድሮውን ወረቀትና የደም ምርመራውን ጠየቀች። ከዚያ ወደ እናቴ ዞራ፣ «እማማ፣ ድምፅዎ ተለውጧል? ሲውጡ ያንቅዎታል? ከቤተሰብ የታይሮይድ ካንሰር የነበረበት ሰው አለ?» አለች። አንገቷን ከላይ እስከ ታች፣ በጎን ያሉትን ንፍፊቶች ሳይቀር አየች። እንቅርቱ ወደ ደረት ወርዶ ቢሆን ኖሮ አልትራሳውንድ ከአጥንቱ ጀርባ ስለማያይ ሲቲ ስካን ያስፈልግ ነበር፤ ታችኛው ጫፉ ግን በግልጽ ታየ።

ውጤቷ ሌላ ዓለም ነው። እያንዳንዱ ዋና እባጭ በሦስት አቅጣጫ ተለክቷል፤ ድፍን ይሁን ፈሳሽ፣ ጠርዙ ለስላሳ ይሁን የተቆራረጠ፣ ቁመቱ ከስፋቱ ይብለጥ አይብለጥ፣ ነጫጭ ነጠብጣብ ይኑረው አይኑረው ተጽፏል። በመጨረሻ ቲራድስ በሚባለው፣ ቁጥሩ ከ1 ወደ 5 ሲያድግ የካንሰር ጥርጣሬው በሚጨምርበት መመዘኛ ደረጃ ተሰጥቶታል። ትልቁ እባጭ 2.1 ሴንቲሜትር፣ ደረጃ 3 ነው። በዚህ ደረጃ በመርፌ ናሙና የሚወሰደው 2.5 ሴንቲሜትር ሲሞላ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ይህን አንብበው መርፌም ቢላዋም አያስፈልግም፣ ክትትል ይበቃል አሉ። እናቴ ቀድሞም ቢላዋ አልፈለገችም ነበርና ድሉን ለራሷ ወሰደች።

ምስሎቹን በሲዲ ተቀብያለሁ፤ በኋላ ፍለጋ ከመሄድ ያን ዕለት መጠየቅ ይቀላል። ቀጣዩ ምርመራ ከዓመት በኋላ እዚያችው ሐኪም ዘንድ ነው። በለካው እጅ ልዩነት ብቻ ጥቂት ሚሊሜትር ሊጨምር ወይም ሊቀንስ ስለሚችል፣ ያው እጅ ቢለካው እባጩ በእርግጥ አድጎ እንደሆነ መለየት ይቀላል።