እምብርት ላይ የሚመታው

ዛሬ ሥራ ቦታ ሆዴን ይዤ ስቀመጥ አንዲት ባልደረባዬ አየችኝ። እዚሁ ሳን ፍራንሲስኮ ነው የምንሠራው፤ እሷ ከሜክሲኮ ዩካታን የመጣች የማያ ሕዝብ ተወላጅ ናት። እናቷ የመንደሩ አዋላጅ ነበሩ።

ጣቶቿን ገጥማ የራሷ እምብርት ላይ ጫን አደረገች። ዝም አለች። የሆነ ነገር የምታዳምጥ ነው የምትመስለው።

"እዚህ ጋ ይመታል። ቲፕቴ እንለዋለን።"

ይሄ ምት ከቦታው ከሸሸ ምግብ አይፈጭም ብለው ያምናሉ። አሺዋ ቀስ እያለች ወደ እምብርት ትመልሰዋለች። ወረደ የሚሉትን ማህፀንም ከታች ወደ ላይ ያሹታል።

አያቴ ትዝ አለችኝ። ቅቤ የነካው፣ ሞቅ ያለው መዳፏ።

ባለፈው ሳምንት ለምርመራ ደም ሰጥቻለሁ፣ በአልትራሳውንድም ታይቻለሁ። ሆዴን በእጁ የዳሰሰኝ ግን የለም። ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ። "እስቲ በእጅዎም ይዩኝ" እላለሁ።