ደንገሉ ለምን ቀላ?

«ተቃጥሎ ነው እንዴ?» አሉኝ አባባ።

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ቁጭ ብለን ላፕቶፔ ላይ የሳተላይት ምስል እያሳየኋቸው ነበር። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ታንኳ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። ምስሉ ላይ ደንገሉ፣ ታንኳ የሚሠራበት የረግረግ ተክል፣ እንደ ደም ቀልቷል። አልተቃጠለም። ለምለም ቅጠል ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ ብርሃን በብዛት ያንጸባርቃል። እኛ ደግሞ ያንን ብርሃን በቀይ እናሳየዋለን። ይህን ስነግራቸው ሳቁ።

«እምቦጩስ ታዲያ?» አሉ። ሐይቁ ላይ የሚንሳፈፈው አረም፣ እሱም ቀይ ነው። ጉዴ ፈላ።

ሥራዬ የጣና ዳር ረግረግ ምን ያህሉ እርሻ እንደሆነ መከታተል ነው። ለድሮው ላንድሳት 5 የሚባለው ሳተላይት አለልኝ፤ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ያነሳው ተቀምጧል። የምስሉ አንዷ ነጥብ መሬት ላይ 30 ሜትር በ30 ሜትር ናት። ለአሁኑ ሴንቲኔል 2 የሚባለውን ሳተላይት እጠቀማለሁ፤ እሱ እስከ 10 ሜትር ይወርዳል። ሁሉም በነጻ ነው፣ ኔትወርኩ ከፈቀደ።

መጀመሪያ የሠራሁት ስህተት እስካሁን ያሳፍረኛል። የድሮውን ምስል ከጥቅምት፣ የቅርቡን ከግንቦት ወሰድኩ። ደመና ያልሸፈናቸው እነሱ ነበሩ፣ ምን ላድርግ! ካርታው ሲወጣ ፎገራ በኩል ሐይቁ ሸሽቷል፣ ረግረጉ የለም። ደንግጬ የደንቢያ ልጅ ለሆነ ጓደኛዬ ደወልኩ።

«ባሕር ሸሽ ነዋ!» አለኝ።

ጣና ክረምቱ ሲወጣ ይሞላል፣ ከዚያ እስከ ግንቦት እየጎደለ ይሄዳል። ገበሬው ውኃው የለቀቀውን እርጥብ መሬት እግር በእግር እየተከተለ ይዘራል፤ ባሕር ሸሽ የሚሉት ይህንን ነው። እኔ የ30 ዓመት ለውጥ ብዬ የደነገጥኩበት የሰባት ወር ነገር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጥርን ከጥር ጋር ብቻ ነው የማነጻጽረው። ሩዙም የራሱ ጣጣ አለው። ክረምት ላይ ውኃ የቋጠረ ማሳ ቁርጥ ረግረግ ይመስላል። ደመናውን አልፎ የሚያየው ሴንቲኔል 1 ራዳር እንኳ አንዳንዴ ይምታታበታል። እስኪታጨድ መጠበቅ ነው፤ ደንገሉ የትም አይሄድም።

እምቦጭ ጣና ላይ መታየቱ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ኮምፒውተሬ ግን ብዙውን ደንገል ብሎ መዝግቦልኝ፣ «ረግረጉ ሰፋ» የሚል የምሥራች ይዤ ነበር የመጣሁት። አባባ አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ ሐይቁን አዩ።

«ደንገል ሥር አለው ልጄ። እምቦጭን ነፋስ ይነዳዋል።»

ማታውኑ በአምስት ቀን ልዩነት የተነሱ ሁለት ምስሎች አውርጄ ደራረብኳቸው። የደንገሉ ቀይ ካለበት ንቅንቅ አላለም። ሌላው ቀይ ቦታውን ለቆ ሄዷል። ዳር ላይ ተጨናንቆ የቆመው እምቦጭ ግን አሁንም ያታልለኛል። እሱን በእግር ካልሆነ አልለየውም።

ስለዚህ ቅዳሜ ጂፒኤሴን ይዤ በታንኳ ልወጣ ነው። አባባ ለታንኳ የሚሆን ረጅም ደንገል የት እንዳለ አይቼ እንድነግራቸው ጠይቀውኛል። ቁመቱን ደግሞ ከምስሉ ላይ አላየውም።