የሳይንስ ልብ ወለድ ክበብ የገቢ ምሽት፤ ከጎንደር የልምድ ማካፈያ

አዲስ ክበብ ፊልም እያሳየ ገንዘብ የሚሰበስብበትን የመጀመሪያ ምሽቱን ሲያዘጋጅ ተስፋውን ሁሉ ትኬት ላይ ይጥላል። ትኬት ግን ቢበዛ ወጪ ይሸፍናል። ለ80 ሰው እናስላው። መግቢያው 50 ብር ቢሆን 4,000 ብር ይገባል። ለቦታ 1,200፣ ለፕሮጀክተር 1,000፣ ለድምፅ ማጉያና ለሁለት ማይክ 900፣ ለፖስተርና ለትኬት ማሳተሚያ 400፣ ለጥበቃና ለጽዳት 300 ሲወጣ 3,800 ይሄዳል። የቀረችው 200 ብር ዕቃ ለሚመልሰው ባጃጅም አትበቃ። (ዋጋዎቹ ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የገቡ ናቸው፤ በራሳችሁ ሰፈር ዋጋ ተኩባቸው።) ገንዘቡ ያለው ፊልሙ ቆሞ ሰው ከወንበሩ በሚነሣበት ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው። ስለዚህ ዕቅድ ሲወጣ መጀመሪያ እረፍቱ ይቀመጥ፤ ፊልሙ በተረፈው ሰዓት ይግባ።

እረፍቱ የት ይውደቅ? መሃል ላይ አይደለም። ልጅ ይዞ የመጣ ቤተሰብ ከመሸበት እረፍቱን ሳይጠብቅ ይሄዳል፤ የሚገዛው ግን እሱ ነው። ጥሩ የሚሠራው አካሄድ እንዲህ ነው፦ 11 ሰዓት ተኩል በር ይከፈታል፣ 12 ሰዓት ከ45 አጭር ፊልም፣ 1 ሰዓት ከ10 እረፍት፣ 1 ሰዓት ከ40 ዋናው ክፍል፣ 2 ሰዓት ተኩል መበተን። የባጃጅ የሰዓት ገደብ ባለበት ወቅት ሁሉንም በዚያው ልክ ቀደም አድርጉት። ጎንደር በኅዳር ፀሐይ የምትገባው 12 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ግቢ ውስጥ ለማሳየት ይመቻል። በሰኔ ግን ወደ 1 ሰዓት ትጠጋለች፤ ዝናቡም አለ። በክረምት አዳራሽ ውስጥ ስታሳዩ ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ የግርጌ ጽሑፍ የሌለው ፊልም አትምረጡ። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የትኛውም ድምፅ ማጉያ አያሸንፈውም።

ወደ ቡናው እንምጣ። ለ70 ስኒ 600 ግራም ጥሬ ቡና በቂ ነው። ሲቆላ አምስተኛው ያህል ክብደቱ ስለሚሄድ 480 ግራም ይቀራል፤ 12 ስኒ ለሚያወጣ ጀበና 80 ግራም ቢገባ ስድስት ጀበና ይሆናል። የሚበላሸው መጠኑ ላይ አይደለም፣ ሰዓቱ ላይ ነው። አንድ ጀበና ፈልቶ እስኪሰክን ሩብ ሰዓት ይፈጃል፤ በአንድ ምድጃ ስድስቱን ማድረስ አይቻልም። ሦስት ጀበና፣ ሦስት ከሰል ምድጃ፣ ሁለት ረከቦት ያዙ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጀበናዎች እረፍቱ ሲጀመር ሰክነው መገኘት አለባቸው። ቡናው የሚቆላው እረፍቱ ሊደርስ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ከኋላ በኩል ይሁን፤ ሽታው ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል። (ለመጀመሪያዎቹ ጀበናዎች የሚሆነው ቀድሞ ተቆልቶ ተወቅጦ ይጠብቃል፤ ይኼኛው ለኋለኞቹ ነው።) ጭሱ ግን ከፕሮጀክተሩ ጨረር እንዲርቅ ተጠንቀቁ። ጭስ ጨረሩ ውስጥ ሲገባ ነጭ ግድግዳ ሆኖ ስክሪኑን ያደበዝዘዋል።

አቦሉ በ25 ብር ይሸጥ፤ ቶናውና በረካው በነፃ። ይህን ስንል ብዙ ገንዘብ ያዥ ፊቱን ያጠቁራል፤ የማይሸጥ ቡና ምን ያደርጋል ይላል። ስኒውን ይዞ ቶና የሚጠብቅ ሰው ለክበቡ ዕቃ ከሚጫረትበት ጠረጴዛ አጠገብ ይቆማል፤ ትርፉ እዚያ ነው።

ፈንድሻ ርካሽ ነው፤ ግን በቆሎው ላይ አትሳሳቱ። ከቅዳሜ ገበያ የሚገዛ ተራ በቆሎ አይፈነዳም፤ ሽፋኑ እንፋሎቱን አፍኖ አይይዝም። ትንሽ፣ ጠንካራ፣ ጫፉ ሾል ያለ የፈንድሻ በቆሎ ነው የሚፈለገው። እሱም ቢሆን ከደረቀ ከብረት ድስቱ ሥር ጥሬውን ይቀራል። በደንብ የሚፈነዳው በውስጡ 14 ከመቶ ገደማ እርጥበት ሲኖረው ነው። ደርቆ ከተገኘ አንድ ኪሎውን ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ አድርጎ አንድ የሾርባ ማንኪያ ውኃ ማርከፍከፍና ለሦስት አራት ቀን በየቀኑ እየነቀነቁ ማቆየት ያድነዋል። ከአንድ ኪሎ አንድ ሊትር የሚይዝ የወረቀት ከረጢት ከ25 በላይ ይሞላል። በዘይት ብቻ ይሠራ። ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም ዐቢይ ጾም ላይ ቅቤ ነክቶታል የሚል ወሬ አንዴ ከወጣ ከረጢቱ ሁሉ ይተርፋል።

ስለ ፕሮጀክተር ብዙ ተጽፏል፤ ጎንደር ላይ ግን ማንም የማይነግራችሁ አንድ ነገር አለ። ከተማው ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ቀጭን አየር ሙቀት በደንብ አይወስድም፤ ስለዚህ አብዛኞቹ ፕሮጀክተሮች ከ1,500 ሜትር በላይ ሲሠሩ «ሃይ አልቲቲዩድ» (ከፍተኛ ቦታ) የሚለውን በሜኑው ውስጥ ማብራት ያስፈልጋል። ካልበራ ማሽኑ መሃል ላይ በሙቀት ራሱን ሊያጠፋ ይችላል፤ አከራዩም «ተበላሽቶብኛል» ብሎ መያዣውን ይይዛል። ሲበራ ማራገቢያው ይጮኻል፤ ስለዚህ ማሽኑን ከማይኩ አርቁት።

የብርሃን መጠኑ 3,000 ሉመን የሆነ ፕሮጀክተር ከጨለመ በኋላ 2.5 ሜትር ስፋት ላለው ምስል በቂ ነው። አብዛኞቹ ለዚህ ስፋት አራት ሜትር ያህል ርቀት ይፈልጋሉ። ስክሪኑ ከአቡጀዴ ይሰፋል፤ ስፌቱ አግድም ይሁንና ከመሃል ዝቅ ይበል፤ መሃል ላይ ከዋለ የተዋናዩን ፊት ለሁለት ይከፍለዋል። ከጀርባው ጥቁር ጨርቅ ካልተደረበ ብርሃኑ በስተኋላ ያልፋል። አራቱን ጫፍ በሲባጎ ጠፍሮ ማሰር ትልቁ ስሕተት ነው። የማታ ነፋስ ሲመጣ ጨርቁ እንደ ጀልባ ሸራ ይነፋና ወይ ይቀደዳል ወይ ምሰሶውን ይጥላል። ከአሮጌ የሳይክል ከመነዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ በየጫፉና በየመሃሉ ይታሰር፤ ጨርቁ እየሰጠ ይመለሳል።

መብራት ሲጠፋስ? ፕሮጀክተር 300 ዋት፣ ድምፅ ማጉያና ላፕቶፕ 100 ዋት ቢወስዱ 400 ዋት ነው። ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 100 አምፒር ሰዓት የመኪና ባትሪ በወረቀት ላይ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። ከግማሽ በታች ካወረዳችሁት ግን ዕድሜው ያጥራል፤ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው ኢንቨርተርም የራሱን ይበላል። በእጅ የሚገባው 500 ያህል ስለሆነ አንድ ሰዓት ከሩብ ታገኛላችሁ። ርካሽ ኢንቨርተር ድምፅ ማጉያው ላይ እምምም የሚል ጩኸት ስለሚያመጣ ቀን ላይ ሞክሩት። ባለ አምፖል ፕሮጀክተር ድንገት መብራት ሲቋረጥ ማራገቢያውም አብሮ ስለሚቆም አምፖሉ በራሱ ሙቀት ይጎዳል፤ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ደቂቃ የሚይዝ ትንሽ ዩፒኤስ በመሃል ማስገባት ከአምፖል ዋጋ ይረክሳል።

ምን ይታይ የሚለው የመብት ጥያቄም ነው። ትኬት ተቆርጦ የሚታይ ፊልም ፈቃድ ይጠይቃል። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲ መብት ዕድሜውንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። የፈረንሳዩ ዦርዥ ሜልየስ ወደ ጨረቃ ስለመጓዝ በ1902 እ.ኤ.አ. የሠራው ድምፅ አልባ ፊልም ለዚህ ይመቻል። ሰውየው የሞተው በ1938 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ጊዜው አልፏል፤ ርዝመቱም 13 ደቂቃ ገደማ ነው። ብቻ አዲስ ሙዚቃ የተጫነበትን ቅጂ አታሳዩ፤ ሙዚቃው የራሱ ባለቤት አለው። ድምፁን ዝጉና አዝማሪ ጥሩ።

ጎንደር ተቀምጦ ድምፅ አልባ ፊልም ያለ ማሲንቆ ማሳየት ንፉግነት ነው። አዝማሪው ፊልሙን ሁለት ጊዜ ቀድሞ ይየው። መንኮራኩሩ የጨረቃን ዓይን የሚወጋበትን ቦታ በሰዓት ንገሩት፤ ሳቁ እዚያ ስለሚፈነዳ ግጥሙ ቀድሞ መድረስ አለበት። በእረፍቱ ደግሞ «ተቀበል» እያለ ግጥም የሚሰጥ ሰው በአንድ ግጥም 50 ብር ለክበቡ ይከፍላል። ገንዘብ ያዡ ራሱ እንዲህ ሊባል ይችላል፦

ጨረቃ ድረስ ሄደ ባጃጅ ተሳፍሮ፣
ሒሳብ ሲጠየቅ ግን ዝም አለ አቀርቅሮ።

ከዚህ ቀድሞ ግን አንድ ነገር በግልጽ ይነገር። የአዝማሪው ክፍያ አስቀድሞ የተቆረጠ ይሁን፤ ግንባሩ ላይ የሚለጠፈው ብር የእሱ ነው፤ የግጥም ክፍያው የሚገባው ወደ ክበቡ ሣጥን ነው። ይህ ሳይለይ የተጀመረ ምሽት በክርክር ያልቃል።

የጨረቃ ነገር ከተነሣ፣ ቴሌስኮፕ ያለው ሰው ካገኛችሁ ግቢው ውስጥ አንድ ጥግ ስጡት። ቀኑን ግን ሙሉ ጨረቃ ላይ አትጣሉ፤ ብርሃኑ ፊት ለፊት ስለሚመታ ጉድጓዶቹ ጥላ አይኖራቸውም፤ ሳህን ነው የሚመስለው። ከሠርቀ ጨረቃ ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው ቀን ይሻላል፤ ፀሐይ ስትገባ ግማሽ ጨረቃ ሰማይ ከፍ ብላ ትቆማለች፣ በብርሃንና በጨለማው ድንበር ላይ ያሉት ጉድጓዶችም ይጎላሉ። 70 ሚሊ ሜትር መነፅር ያለው ቴሌስኮፕ በ50 እጥፍ ያሳያል። ምድር ስለምትዞር ጨረቃ ከመሃል ተነሥታ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ወደ ጠርዝ ትሸሻለች፤ ስለዚህ የሚያስተካክለው ሰው ከቴሌስኮፑ ፈቀቅ አይበል። ለአንድ ሰው አንድ ደቂቃ ቢሰጥ በእረፍቱ 30 ሰው ብቻ ያያል። 80 ቲኬት አትቁረጡለት።

የጨረታው ጠረጴዛ ላይ ብዙ ዕቃ መደርደር አያስፈልግም፤ አሥር ይበቃል። ድምፅ ሳይሰማ ይጫረቱ፦ ከእያንዳንዱ ዕቃ ሥር ወረቀት፣ መነሻ ዋጋ፣ ቢያንስ በ20 ብር መጨመር። ሁሉም በአንድ ጊዜ ከተዘጋ በመጨረሻዋ ደቂቃ አሥሩ ላይ ግርግር ይሆናል፤ በየሦስት ደቂቃው ሁለት ሁለት እየዘጋችሁ ሂዱ። ያገለገሉ መጻሕፍት በነጠላ አይሄዱም፤ በሦስት ሦስት ታስረው ይሄዳሉ። ከሁሉ በላይ የሚፈለገው በእጅ የተሣለ ነገር ነው። ፋሲል ግቢ ግንብ ላይ መንኮራኩር ያረፈችበት ኤ3 ሥዕል ከታተመ መጽሐፍ ይልቅ ያስጫርታል። ቶምቦላ ለመሸጥ ያማራችሁ ግን ቆም በሉ፤ ለሕዝብ ዕጣ መሸጥ የብሔራዊ ሎተሪን ፈቃድ ይጠይቃል።

ለምን እንደሚሰበሰብ በዓይን ይታይ። «ለክበቡ ማጠናከሪያ» የሚል ሣጥን ውስጥ ማንም አይጥልም። ካርቶን ላይ ባዶ መደርደሪያ ሣሉ፤ 300 ብር በገባ ቁጥር አንድ የመጽሐፍ ጀርባ ይቀለም። ከውጭ የሳይንስ ልብ ወለድ አድናቂዎች የተወሰደ አንድ ዘዴም አለ። ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትራንስ አትላንቲክ ፋን ፈንድ የሚባለው መዋጮ አንድን አድናቂ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ወዲያ ማዶ ወዳለ የአድናቂዎች ጉባኤ የሚልከው በድምፅ ተመርጦ ነው፤ ድምፅ የሚሰጥም ሰው ቢያንስ የተወሰነች ገንዘብ ያዋጣል። በድምፅ መስጫው ላይ «ገንዘቡ ይቆይ» የሚል ምርጫም አለ። እኛ ዘንድ በአራት የማር ብርጭቆ ይሠራል፦ በገንዘቡ የሚገዛው መጽሐፍ ከሦስት ትምህርት ቤቶች ለየትኛው ይድረስ፣ አራተኛው «ገንዘቡ ይቆይ» ነው። ብርጭቆዎቹ ውስጣቸው የሚታይ ይሁኑ፤ ፉክክሩ ያለው እዚያ ነው። መጨረሻ ላይ አንድ ሰው 200 ጥሎ ሁሉን እንዳይገለብጠው በአንድ እጅ ከ50 ብር በላይ አይጣል።

ፖስተር ላይ «ፋሲል» ብላችሁ ብቻ አትጻፉ። ግንቡ አለ፣ መዋኛው አለ፣ ስታዲየሙ አለ፣ የዩኒቨርሲቲው ካምፓስ አለ፤ ሰው አራት ቦታ ይበተናል። ሰዓቱንም «ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ45» ብላችሁ ጻፉ፤ 6:45 ብቻ ከሆነ ተማሪው በቀትር ይመጣል። በጥምቀት ሰሞን አትሞክሩ፤ ድምፅ ማጉያ በኪራይ አይገኝም፣ ቢገኝም በእጥፍ ነው። የቀበሌ ደብዳቤ ከሁለት ሳምንት በፊት ገብቶ ማኅተም ያለበት ግልባጩ በሩ ላይ በሚቆመው ልጅ ኪስ ይሁን። ቢሮ ተቆልፎበት የቀረ ደብዳቤ በማታ ለሚመጣ ጠያቂ መልስ አይሆንም።

ገንዘብ አያያዙ ላይ ሦስት ሰው ይበቃል፦ አንዱ ይቀበላል፣ አንዱ ይመዘግባል፣ አንዱ ሣጥኑን ይጠብቃል። ለመልስ 50 ባለ 10 ብር ኖት አስቀድሞ ይዘርዘር፤ ዋጋውም ሁሉ በአምስትና በአሥር ይለቅ። በቴሌብር የሚከፍል ሰው ስልኩን ሲያሳያችሁ አትመኑ፤ የገባው በተቀባዩ ስልክ ላይ ሲታይ ነው። ኢንተርኔት ከተቋረጠ በ*127# ይሠራል። የሚቀበለው ቁጥር የክበቡ እንጂ የገንዘብ ያዡ የግል ስልክ አይሁን። ክበቡ ካልተመዘገበ በስሙ ሒሳብ መክፈት ስለማይችል በሚያስተናግደው ትምህርት ቤት ሒሳብ ውስጥ፣ በደረሰኝ ይግባ። የአባላቱ እቁብ ገንዘብ ለአንድ ሌሊት እንኳ አብሮ አይደር።

ቆጠራው ሰው ሳይበተን፣ ማይኩ ሳይነቀል በዚያው ይሁን፤ ድምሩ ይነበብ፤ የመደርደሪያው ካርቶን የመጨረሻ ቀለሙን ይቀባ። አቡጀዴው በማግስቱ ታጥቦ ደርቆ በላስቲክ ከረጢት ይታሰር። እርጥቡን ከታጠፈ ይሻግታል፤ ከቡና ዕቃው ጋር ከተቀመጠ ደግሞ የፈንድሻ ፍርፋሪ የተከተለ አይጥ ይበሳዋል። ቀዳዳው በጨለማ ትዕይንት ላይ እንደ ኮከብ ያበራል።