በእርሳስ የተሰመረች ጥቅስ

ዛሬ ቁም ሳጥን ሳስተካክል እናቴ ከቤት ስወጣ የሰጠችኝ መጽሐፍ ቅዱስ እጄ ገባ። ለዓመታት አልከፈትኩትም ነበር። ማርቆስ ምዕራፍ 9 ላይ ገጹ ታጥፏል። ቁጥር 24 በእርሳስ ተሰምሮበታል፦ «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው»።

ቁጭ አልኩ። ወደ እምነት የመለሰችኝ እኮ ይህችው ጥቅስ ናት!

ድሮ እምነት ጥያቄ ለሌለው ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። የእኔ ጥያቄ ደግሞ ብዙ ነው። ስለዚህ ራቅሁ። ይህችን ቃል የተናገረው አባት ግን የታመመ ልጁን ይዞ ወደ ኢየሱስ መጥቶ እምነቱንም ጥርጣሬውንም በአንድ ትንፋሽ ተናገረ። ጌታም «መጀመሪያ ጥርጣሬህን ጨርስ» አላለውም። ልጁን ፈወሰለት።

እንቅልፍ እምቢ ባለኝ አንድ ሌሊት እኔም እንደዚያ አባት ጸለይኩ። ብርሃን አላየሁም፣ ድምፅም አልሰማሁም። በማግስቱም ደገምኳት። ከዚያ ወዲያ አላቋረጥኩም።

ሞኒካም ኋላ ታላቅ የቤተ ክርስቲያን መምህር ለሆነው ልጇ ለአውግስጢኖስ ለዓመታት አልቅሳ ጸልያለች፤ እ.ኤ.አ. በ387 ሚላን ላይ ሲጠመቅ ለማየት በቃች። የእኔዋስ ስንት ሌሊት ጸልያ ይሆን? ከጥቅሱ ጎን፣ ኅዳጉ ላይ፣ በደቃቅ የእጅ ጽሑፏ ስሜ አለ።

ደወልኩላት። «እማዬ፣ ከፈትኩት» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ ስታለቅስ ሰማኋት።