ለአንድ ኩንታል ዩሪያ ስንት ጀሪካን ውሃ?

ድሬዳዋ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። የዩሪያ ማዳበሪያ የሚሠራበት አሞኒያ ከአየር ናይትሮጅንና ከውሃ ሃይድሮጅን ይሠራል ስላቸው ተማሪዎቼ ቀድመው የሚጠይቁት ስለ ናይትሮጅኑ አይደለም፤ "ቲቸር፣ ውሃው ከየት ይመጣል?" ነው የሚሉኝ። ውሃ በፈረቃ ለሚጠብቅ የድሬ ልጅ ተገቢ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ሒሳቡን ሰሌዳ ላይ አብረን እንሠራዋለን።

አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ይዟል። ለዚያ 56 ኪሎ ገደማ አሞኒያ ያስፈልጋል፤ ለአሞኒያው ደግሞ 10 ኪሎ ያህል ሃይድሮጅን። ይህን ያህል ሃይድሮጅን ከ90 ሊትር ውሃ ይወጣል። ፋብሪካው ለማቀዝቀዣ የሚጠቀምበትን ውሃ ካልቆጠርን አራት ጀሪካን ተኩል ማለት ነው! እዚህ ላይ ክፍሉ ይንጫጫል።

ከባዱ መብራቱ ነው። ያንን ውሃ ለመሰንጠቅ ብቻ 500 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። ክፍል ውስጥ በባለ 9 ቮልት ባትሪና በሁለት የመጻፊያ እርሳስ ጥቁር ዘንግ አሳያቸዋለሁ። ውሃው ላይ ቤኪንግ ሶዳ እጨምራለሁ፤ የገበታ ጨው ግን ክሎሪን ስለሚያወጣ አላስነካም። በአንደኛው ቱቦ የሚጠራቀመው ጋዝ የሌላኛውን እጥፍ ይሆናል፤ እሱ ሃይድሮጅኑ ነው፣ ክብሪት ሲጠጋው ጷ ብሎ ይፈነዳል። ለፋብሪካ ግን ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋግረው የቧንቧ ውሃ እንዳለ አይሆንም፤ በደንብ መጣራት አለበት።

ናይትሮጅኑማ ሞልቷል፤ ከአየሩ 78 በመቶው እሱ ነው። ሁለቱ አተሞች ግን በሦስት ቦንድ ስለተያያዙ በቀላሉ አይላቀቁም። ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪትዝ ሃበር እ.ኤ.አ. በ1909 ናይትሮጅኑን ከሃይድሮጅን አዋህዶ አሞኒያ የሚሠራበትን መንገድ አሳየ፣ ካርል ቦሽ በ1913 ጀርመን ኦፓው ላይ ወደ ፋብሪካ አሳደገው። እስከ ዛሬም በብረት ካታሊስት (ምላሹን በሚያፋጥን ነገር)፣ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሙቀትና ከመቶ አትሞስፌር በላይ በሆነ ግፊት ይሠራል።

ዛሬ አብዛኛው ሃይድሮጅን የሚወጣው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። ከውሃ ማውጣት ግን አዲስ ሕልም አይደለም። ኖርዌዮች በፏፏቴ መብራት ሠርተውታል። ግብፆችም አስዋን ላይ ለአሥርት ዓመታት በዓባይ ኃይል ውሃ እየሰነጠቁ ማዳበሪያ አምርተዋል። በእኛው ዓባይ! ይህን ስናገር ሁሌም ድምፄ ከፍ ይላል።

አሞኒያው ዩሪያ እንዲሆን ለኩንታሉ 73 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይፈልጋል። የድሬ ሲሚንቶ ፋብሪካዎች የኖራ ድንጋይ ሲያቃጥሉ ይህንኑ ጋዝ ወደ ሰማይ ይለቃሉ። ከአንድ ኩንታል ሲሚንቶ ስንት ኪሎ እንደሚወጣ ለሚቀጥለው ሳምንት የቤት ሥራ ሰጥቻቸዋለሁ።